የበሉበትን ወጪት ሳይሰብሩ

ጥያቄዬን ሳላዞር ላቅርብ። ያሳደገንን፣ ያስተማረንን፣ እንጀራውን የበላንለትን ሰው ጥፋት መጻፍ ውለታ ቢስነት ነው? ወይስ ጥፋቱን መደበቅ ውሸት ነው? “የበላበትን ወጪት ሰባሪ” መባልን የሚወድ በመካከላችን ማንም የለም። “ሐሰተኛ ምስክር” መባልንም እንዲሁ።

ይህ ጥያቄ የመጣብኝ ከሥራ ነው። ባለፈው ዓመት አጥቢያችን የምሥረታ በዓሏን ስታከብር ለሚታተመው መጽሔት የታሪኩን ክፍል እንዳዘጋጅ የወጣቶች ኅብረት መደበኝ። ደብተሬን ይዤ ደብረ ማርቆስ ውስጥ አረጋውያኑን በየቤታቸው እየዞርሁ ጠየቅሁ። በደርግ ዘመን ጥቂት አማኞች መስኮት ዘግተው በሹክሹክታ ይዘምሩ በነበረበት ጊዜ፣ ከመካከላቸው አንድ ወንድም ተጠርቶ ሲያስፈራሩት የሦስት ሰዎችን ስም ሰጠ። ሦስቱም ታሰሩ። ከዓመታት በኋላ ያ ወንድም በጉባኤ ፊት ቆሞ እያለቀሰ ይቅርታ ጠየቀ፤ ይቅርም ተባለ።

እኚያ ወንድም ጋሼ ናቸው። እኔን በልጅነቴ መጽሐፍ ቅዱስ ማንበብ ያስተማሩኝ፣ አባቴ በሞተ ጊዜ ደብተርና ዩኒፎርም የገዙልኝ ጋሼ።

ታዲያ ምን አደረግሁ? “በዚያ ዘመን አንዳንድ ቅዱሳን በልዩ ልዩ ምክንያት መከራ ተቀበሉ” ብዬ ጻፍሁና አለፍሁ። በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ አንድም ውሸት የለም። እውነትም ግን የለም።

በዚያ ሰሞን የአገራችን የጎጃም ታሪክ ጸሐፊ አለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራ ከሐሳቤ አልጠፉ አሉ። አለቃ የተወለዱት ከአባይ ማዶ፣ በሆሮ ጉድሩ በኩል፣ ከኦሮሞ ቤተሰብ ነው። በልጅነታቸው በጎጃም ዘመቻ ተማርከው አባይን ተሻገሩ። ክርስትና ተነሡ፤ የቤተ ክህነት ትምህርት ተማሩ፤ ሠዓሊም የታሪክ ጸሐፊም ሆኑ። ዘመኑ ራስ አዳል በ1873 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው የነገሡበት፣ መንቆረር ትባል የነበረችው ከተማችንም በቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ስም ደብረ ማርቆስ የተባለችበት ዘመን ነው። በ1874 ዓ.ም. ንጉሡ ከሸዋው ምኒልክ ጋር በእምባቦ ተዋግተው ቆስለው ተማረኩ። እምባቦ ያለው እዚያው ሆሮ ጉድሩ ውስጥ ነው። ሁለት ነገሥታት የተጣሉበት ምድር የዚያ የተማረከው ልጅ አገር ነበር።

ያ ልጅ አድጎ ያመጡትን ሰዎች ታሪክ ጻፈ። የጎጃምን የትውልድ ሐረግም ቆጠረ። እስቲ አስቡት፤ ከራሱ ዘመዶች ተቆርጦ የመጣ ሰው የሌላውን ሰው አያትና ቅድመ አያት እየጠየቀ ሲመዘግብ! ሥራቸው በኋላ በሥርግው ገላው አዘጋጅነት በአማርኛ ታትሟል፤ ግርማ ጌታሁን ወደ እንግሊዝኛ የመለሱትም እ.ኤ.አ. በ2014 ወጥቷል። የጎጃምን ታሪክ የሚያጠና ሰው ዛሬም አለቃን ሳያነብ አያልፍም።

እኔን ግን ከሁሉ ይልቅ የያዘኝ ስማቸው ነው። ተክለ ኢየሱስ፣ “የኢየሱስ ተክል”፣ የክርስትና ስማቸው ነው፤ ያሳደጋቸውን ቤት ይናገራል። ዋቅጅራ የአባታቸው ስም ነው፤ በኦሮምኛ “እግዚአብሔር አለ” ማለት ነው፤ የተወሰዱበትን ቤት ይናገራል። ታሪክ የሚያውቃቸው በሁለቱም ስም ነው። ውለታቸውና ቁስላቸው በአንድ መስመር ላይ ጎን ለጎን ተጽፈዋል። አለቃ ከአድልዎ ሁሉ ነጻ ነበሩ እያልኋችሁ አይደለም፤ እንዲህ ያለ ጸሐፊ የለም። የእኔ ዓረፍተ ነገር ግን ከሁለቱ አንዱን ስም ፍቆ እንደነበር በእሳቸው ስም አየሁ። ውለታውን አስቀርቼ ቁስሉን ሰርዣለሁ።

ይህ ጭንቀት ጥንታዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ56 ገደማ የተወለደው ሮማዊው የታሪክ ጸሐፊ ታሲተስ በዚሁ ወጥመድ ውስጥ ነበር። በሮም የሕግ መወሰኛ ሸንጎ ገብቶ በ97 እስከ ቆንስልነት ደርሷል። ቬስፓስያን፣ ቲቶና ዶሚቲያን የተባሉት ሦስት ቄሳሮች በየተራ ከፍ እንዳደረጉት ስለ ዘመኑ በጻፈው ታሪክ መግቢያ ላይ ራሱ በግልጽ ይናገራል። ከዚያ ቀጥሎ፣ እውነትን እናገራለሁ የሚል ሰው ማንንም በመውደድ ወይም በመጥላት መጻፍ እንደሌለበት ይገልጻል። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ፤ መጀመሪያ ዕዳውን አሳወቀ፣ ከዚያ መመስከር ጀመረ። አንባቢ ሚዛኑን እንዲፈትሽ ራሱ በሩን ከፈተለት።

ዶሚቲያን ጨካኝ ነበር፤ ታሲተስም በእሱ ዘመን ዝም ብሎ ሹመቱን ይቀበል ነበር። ቄሳሩ በ96 ከተገደለ በኋላ የአማቱን የአግሪኮላን ሕይወት ሲጽፍ፣ አንድን የሸንጎ አባል ወደ እስር ቤት የወሰደው የሸንጎው የራሱ እጅ እንደነበረ ተናገረ። “እጃቸው” ብሎ ማምለጥ ይችል ነበር። “እጃችን” አለ።

ይህ ሰው ክርስቲያኖችን ይንቅ ነበር፤ ንቀቱም ከቃላቱ ላይ ይታያል። ሆኖም በ64 ሮም በተቃጠለች ጊዜ ኔሮን በእኛ ወገኖች ላይ ያደረሰውን ስቃይ አልደበቀም። የሚሠቃዩት ለሕዝብ ጥቅም ሳይሆን ለአንድ ሰው ጭካኔ ነው ተብሎ ሕዝቡ እንዳዘነላቸው ጻፈ። ክርስቶስ በጢባርዮስ ዘመን በጲላጦስ እጅ መገደሉንም መዘገበ። ዛሬ ስለ ጌታችን መስቀል ከመጽሐፍ ቅዱስ ውጭ ምስክር ሲጠየቅ የምንጠራው ይህን የማይወደንን ሰው ነው። የማይወደን ሰው ስለ እኛ እውነት ከተናገረ፣ እኛ የምንወደውን ሰው እውነት ለምን ፈራን?

“ፍቅር ግን ይሸፍናል” ትሉኝ ይሆናል። ሴምና ያፌት የአባታቸውን ዕራቁትነት ወደ ኋላ እየሄዱ አልሸፈኑም? ሸፍነዋል፤ ተባርከውበታልም። ይህን ግን የምናውቀው ከየት ነው? ከዘፍጥረት 9። ልጆቹ በድንኳኑ ውስጥ ሸፈኑ፤ መጽሐፉ ግን ጻፈው። ካም ወጥቶ ያወራው ሐሜት ነው፤ መጽሐፉ የጻፈው ትውልድ እንዲማርበት ነው። ልዩነቱ ያለው የተነገረበት ዓላማና የተናጋሪው ልብ ላይ ነው። ገበና መሸፈን አንድ ነገር ነው፤ ገበናው አልነበረም ማለት ሌላ ነገር ነው።

ይህን ሁሉ እያሰብሁም ድፍረት አላገኘሁም ነበር። ረቂቁን ከሦስቱ ታሳሪዎች አንዷ ለነበሩት እናት አነበብሁላቸው። እትዬ ቡናቸውን እየቀዱ ዝም ብለው ሰሙኝ። ስጨርስ ጀበናውን አስቀመጡና፦

“ልጄ፣ የእሱን በደል ስትሰርዝ የእኔንም ይቅርታ ሰረዝኸው። ይቅር ያልሁበትን ቀን ከእስሩ ቀን ይልቅ አስታውሰዋለሁ። ያንን የት አደረስኸው?” አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። ጥፋቱን በመደበቅ ጋሼን የጠበቅሁ መስሎኝ ነበር። የደበቅሁት ግን እግዚአብሔር በአጥቢያችን የሠራውን ትልቁን ሥራ ነው።

ያን ቀን ማታ የማርቆስን ወንጌል አወጣሁ። ከተማችን ስሙን የተሸከመችው ወንጌላዊ ማን ነበር? የጥንት የቤተ ክርስቲያን አባቶች እንደመሰከሩት የጴጥሮስ አስተርጓሚ ነው። ጴጥሮስም በመጀመሪያ መልእክቱ መጨረሻ ላይ “ልጄ” ይለዋል። እንግዲህ ማርቆስ የጴጥሮስን እንጀራ የበላ ልጅ ነው። ነገር ግን ምዕራፍ 14ን ክፈቱ፤ የጴጥሮስ ክህደት ከነመሐላው፣ ከነዶሮ ጩኸቱ እዚያ አለ። ምዕራፍ 16 ቁጥር 7ንም ክፈቱ፤ በባዶው መቃብር ያለው ጎልማሳ ሴቶቹን ሲልካቸው ጴጥሮስን በስሙ ለይቶ ይጠራል። ይህን ከአራቱ ወንጌላት የጻፈው ማርቆስ ብቻ ነው። ክህደቱን ያልደበቀው ልጅ፣ አባቱ በስሙ መጠራቱንም አልረሳም።

የማርቆስም የራሱ ታሪክ አልተሸፈነም። ሉቃስ ከጳውሎስ ተለይቶ መመለሱን በሐዋርያት ሥራ 13 እና 15 ጽፎበታል። በ2ኛ ጢሞቴዎስ 4 ደግሞ ያው ጳውሎስ ይጠቅመኛልና አምጣው ይላል። በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የሰው ጥፋት ሲጻፍ የሰውየው መጨረሻ ተደርጎ አይጻፍም።

በማግስቱ ጋሼ ዘንድ ሄድሁ። አስቀድሜ መሄድ የነበረብኝ ወደ እሳቸው ነበር። የውለታቸውን ነገር ተናገርሁ፣ ከዚያ የመጣሁበትን። ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። በመጨረሻም፦

“ጻፈው። ግን ስሜን ጻፍ። ‘አንድ ሰው’ ካልህ የማያውቅ ሁሉ ሌላውን ይጠረጥራል” አሉኝ።

በአጥቢያችን መጽሔት ላይ ስማቸው ተጽፏል። ስማቸውን እዚህ ያላነሣሁት ይቅርታው የተደረገበት ጉባኤ ያ ስለሆነ ነው። የበዓሉ ዕለት እትዬ መጽሔቱን ይዘው ከጋሼ አጠገብ ተቀምጠው ነበር።

የተወደዳችሁ ወጣቶች፣ ከእናንተ ብዙዎቻችሁ የአጥቢያችሁን፣ የቤተሰባችሁን፣ የአገራችሁን ታሪክ ትጽፋላችሁ ወይም ታወራላችሁ። በአገራችን እያንዳንዱ ወገን የሌላውን በደል በቃሉ ያውቃል፤ የራሱን ግን አንስቶ አያውቅም። እናንተ እንዲህ አትሁኑ። ስለ ሰው ከመጻፋችሁ በፊት ለሰውየው ያለባችሁን ዕዳ ተናገሩ። “እጃቸው” ከማለታችሁ በፊት “እጃችን” የሚባል ነገር እንዳለ መርምሩ። ሰውየው በሕይወት ካለ ቀድማችሁ ወደ ቤቱ ሂዱ። በደሉን ስትጽፉም ጸጋውን አትዝለሉ።

ወጪቱን የሚሰብረው እውነት አይደለም። የበላንበትን እየካድን ስንናገር ነው የሚሰበረው፤ ተሰንጥቆ ሳለም ደህና ነው እያልን ስናስቀምጠው አንድ ቀን በሌላ ሰው እጅ ላይ ይሰበራል።

ለኅብረት ውይይት
1. በአጥቢያችሁ ታሪክ ውስጥ “በልዩ ልዩ ምክንያት” ተብሎ የታለፈ ነገር አለ? ስለ እሱ ቀድማችሁ ማንን ማነጋገር ይገባችኋል?
2. በዘፍጥረት 9 የካም ወሬና የመጽሐፉ ጽሑፍ ልዩነታቸው ምንድን ነው?
3. “የእሱን በደል ስትሰርዝ የእኔንም ይቅርታ ሰረዝኸው” ለሚለው ቃል እናንተ ብትሆኑ ምን ትመልሱ ነበር?