የባልንጀራ ሸክምና የራስ ሸክም
(ገላትያ 6፥2 እና 5)



ሐዋርያው ጳውሎስ ለገላትያ ሰዎች በጻፈው መልእክት፥ በስድስተኛው ምዕራፍ ቁጥር 2 አንዱ የሌላውን ሸክም እንዲያነሣ ያዝዛል፤ ወረድ ብሎም በቁጥር 5 እያንዳንዱ የራሱን መሸከም እንዳለበት ይናገራል። ይህን ስናነብ ብዙዎቻችን ግራ ይገባናል፤ የኋለኛው ቃል የፊተኛውን የሚያፈርስ ይመስለናልና። ነገር ግን ሐዋርያው የተናገረባቸው የግሪክ ቃላት ሁለት ናቸው። የፊተኛው «ባሮስ» ሰውን አጉብጦ የሚጥል ክብደት ነው። የኋለኛው «ፎርቲዮን» ለእያንዳንዱ መንገደኛ የሚገባው ጓዝ ነው፤ በማቴዎስ ወንጌል 11፥30 ጌታችን የእርሱ ሸክም ቀላል መሆኑን ሲናገር የተጻፈው ይኸው ቃል ነው። እንግዲህ ወንድማችን በክብደት ሲወድቅ አብረን እናነሣለን፤ ጓዙን ግን ከጀርባው ወስደን ዕድሜውን ሙሉ ብንሸከምለት ረዳነው አይባልም።

ይህን ነገር በአንድ ቤት እንመልከተው። ከጣና የሚወጣው ዓባያችን ካርቱም ሲደርስ፥ በከተማይቱ ምሥራቅ አል-ማንሺያ በሚባለው ሰፈር በኩል ያልፋል፤ በዚያም ሁለቱን ዳርቻዎች የሚያገናኝ ድልድይ ተሠርቶበታል። የአገራችን ብዙ ሴቶች በካርቱም በሰው ቤት እያበሰሉና እያጠቡ፥ ሌሎችም በመንገድ ዳር ሻይ እያፈሉ ለዓመታት ኖረዋል፤ ከላባቸውም ቆጥበው ወደ አገር ቤት ልከዋል።

ከእነዚህ አንዲቱን በልባችን እናስብ። ስም አንሰጣትም፤ እርስዋን የምትመስል በየጉባኤያችን አለችና። በአል-ማንሺያ በአንድ ግቢ ታገለግላለች እንበል፤ ባልዋ ከልጆቻቸው ጋር በአገር ቤት ቀርቶአል። በመጀመሪያ የላከችው ገንዘብ ለእህልና ለደብተር ዋለ። ከጊዜ በኋላ ግን ባል ሥራውን ተወ፥ ከአረቄ ቤትም የማይለይ ሆነ። ገንዘቡ ሲያልቅ ይደውልላትና ባለ ዕዳ ሊከስሰኝ ነው ይላታል፤ እርስዋም የሚመጣውን ወር ደመወዝ አስቀድማ ተበድራ ትልካለች። ሰው ስለ እርሱ ቢጠይቃት ደኅና ነው፥ ሥራ ላይ ነው ትላለች። እናቱም የልጅዋን ነገር ከጎረቤት ትሸሽጋለች። ሁለቱም ይህን የሚያደርጉት ስለሚወዱት ነው፤ ደግሞም ይሉኝታ ይዞአቸው ነው።

በይሉኝታ ላይ ጥቂት እንቈይ፤ እኛን የሚያስረን ገመድ ይህ ነውና። ገመናን መሸፈን በእኛ ዘንድ ትልቅ በጎነት ነው። የባልንጀራን ስም በአደባባይ ማጥፋትም በእርግጥ ኃጢአት ነው፤ ሉተር በ1529 ባወጣው ትንሹ ካቴኪዝም ስምንተኛውን ትእዛዝ ሲያስረዳ፥ ስለ ባልንጀራችን በጎ እንድንናገር ያስተምራል። ይሁን እንጂ ያ ትምህርት በደለኛውን ራሱን እንድናታልለው ፈቃድ አይሰጠንም። ጌታም በማቴዎስ 18 በደለኛውን ወንድም ብቻውን አግኝተን በደሉን እንድንነግረው አዝዞናል። እኛ ግን ለጎረቤት እናማዋለን፥ ለራሱ አንነግረውም።

የናባልን ሚስት አቢግያን ተመልከቱ (1ኛ ሳሙኤል 25)። ባልዋ በስድብ ቃሉ በቤቱ ላይ ሞት ሲጠራ ፈጥና ወጣች፥ ስንቅ ጭና ዳዊትን ተቀበለችው፤ ይህ የሚጥለውን ክብደት ማንሣት ነው። ተመልሳ ባልዋን ሰክሮ ባገኘችው ጊዜ ግን ምንም አልነገረችውም። ከሰካራም ጋር በሌሊት አልተከራከረችም፤ ሲነጋ፥ ወይኑ ከራሱ በወጣ ጊዜ፥ የሆነውን ሁሉ ነገረችው። እንዲህ ያለ ማለዳ ስንት ጊዜ አልፎናል!

በሉቃስ 15 ያለውንም አባት እናውቀዋለን። ወደ ልጁ መሮጡን እንወድዳለን፥ እንሰብከዋለንም። ወደ ሩቅ አገር ስንቅ እንዳልሰደደለት ግን አናስተውልም። ልጁ ወደ ልቡ የተመለሰው የሚሰጠው ሰው ባጣ ጊዜ ነው። በዚያ ዘመን ሃዋላ ኖሮ አባቱም እንደ እኛ ቢሆን ኖሮ፥ ያ ልጅ ከእሪያዎቹ ዘንድ መቼ ይነሣ ነበር?

እንግዲህ ያች እኅት ምን ታድርግ? የልጆቹን ቀለብና የትምህርት ገንዘብ በታመነ ዘመድ እጅ ትላክ፤ የአረቄውን ዕዳ አትክፈል። ባልዋንም ሳይጠጣ በሚገኝበት ሰዓት ደውላ ይህንኑ በግልጥ ትንገረው። ይቈጣል፤ ጨካኝ ይላታል፤ ምናልባትም እናቱ ትረግማታለች። ይህን መታገሥ ገንዘብ ከመላክ ይከብዳል። ነገር ግን ብርቱ ጠጪ የሆነ ሰው በድንገት ሲያቆም ሰውነቱ ሊንቀጠቀጥ፥ አልፎም ሕይወቱ ሊያልፍ ይችላልና ወደ ሐኪም ይወሰድ፤ በአዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ሆስፒታል እንዲህ ያሉትን ያክማል። ለሕክምናው ብትከፍል ክብደቱን አነሣችለት። የሚደበድብ ባል ሲሆን ደግሞ ሽማግሌዎች ለዕርቅ ከመቸኰላቸው በፊት ሚስትንና ልጆችን ያድኑ። በዚህ ጕዳይ ሽምግልናችን ብዙ ጊዜ ለይሉኝታ ማደሩን እንናዘዛለን።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም.፥ በፋሲካ ዋዜማ፥ በካርቱም በሱዳን ጦርና በፈጥኖ ደራሹ ኃይል መካከል ውጊያ ተጀመረ። የካርቱምም ኑሮ በአንድ ቀን ተናጋ፤ ሠራተኛ የሚቀጥሩ ቤቶች ተዘጉ፥ የሚላክ ገንዘብም ጠፋ። ከወገኖቻችን ብዙዎች በገዳሪፍ በኩል አልፈው በመተማ ገቡ፤ የዓመታት ድካማቸውን ትተው የመጡ ነበሩ። የሱዳን ጦር ከተማይቱን መልሶ የያዘው በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ነው።

እንዲህ ባለ ቀን ሸክሙ ይገለበጣል። ትልክ የነበረችው እኅት አሁን ከክብደት በታች የወደቀች ናት፤ በልታ ያላደረችበትን ገንዘብ ሲበሉ የኖሩት ትከሻቸውን ሊሰጧት ይገባል። ምን ይዘሽ መጣሽ ተብላ አትጠየቅ። የጉባኤያችን ሴቶች ባልዋን ሳይጠብቁ ሄደው ይቀበሏት፤ ማደሪያና ልብስ ይፈልጉላት፤ የሆነችውንም ሁሉ ልትነግራቸው ብትወድድ፥ ገመና ነው ብለው አፏን አይያዙባት።