ስለ መዓርግ ውርስ

ሰው ለልጁ ሊያወርስ የሚችለው በእጁ ያለውን፣ በእውነትም የእርሱ የሆነውን ገንዘብ ብቻ እንደ ሆነ ማንም አይክድም፤ እንግዲህ አባት በሕይወቱ ዘመን የተከበረበት መዓርግ የራሱ ገንዘብ ነበር ወይስ ሌሎች በአደራ የሰጡት ነበር ብለን መጠየቅ ይገባናል።

የእንግሊዝ መሳፍንት ይህን ጥያቄ በንጉሥ ደብዳቤ ቈርጠውታል፤ የመስፍንነቱ ስም አብዛኛውን ጊዜ ከአባት ወደ በኵር ወንድ ልጅ ሲያልፍ፣ ታናናሾቹና ሴቶቹ ከስሙ ድርሻ የላቸውም። ሆኖም በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ ስሙን ሳይነካ፣ በዘር ከገቡት የሎርዶች ምክር ቤት አባላት 92ቱን ብቻ አስቀርቶ ሌሎቹን አሰናበተ።

በመካነ ኢየሱስ ዙሪያ፣ በእስቴ፣ በጋይንትና በስማዳ የኖሩ አባቶቻችን ግን የራስን ገንዘብና አደራን ለይተው ያውቁ ነበር። ርስትን ወንዱም ሴቷም፣ በኵሩም ታናሹም፣ በአባትም በእናትም ትውልዱን እስከ አቅኚው አባት ቈጥሮ ይካፈል ነበር፤ ደጃዝማችነትና ፊታውራሪነት ግን ከሿሚ የሚሰጡ፣ በሽረትም የሚነሡ ስለ ሆኑ፣ የታላቅ ሰው ልጅ «ልጅ እገሌ» ተብሎ ቢከበርም ሹመት እስኪያገኝ ድረስ ደጅ ይጠና ነበር። እንደ ዋግሹምነት ያለ በዘር የሚሄድ መዓርግ ጥቂት ነበር።

በዘመነ መሳፍንት ይህ ሥርዓት ታወከ። የየጁ ቤት ደብረ ታቦርን መቀመጫ አድርጎ በጌምድርን ሲገዛ፣ ራስነቱ ከራስ ጉግሣ ወደ ልጆቻቸው ወደ ይማም፣ ወደ ማርዬና ወደ ዶሪ፣ ከዚያም ወደ ልጅ ልጃቸው ወደ ራስ ዓሊ እንደ ቤት ዕቃ ተላለፈ፤ በጎንደር የተቀመጡት ነገሥታትም በዘራቸው ዘውዱን ወረሱ እንጂ ሥልጣኑን አላገኙትም። በ1845 ዓ.ም. በአይሻል ካሣ ኃይሉ ራስ ዓሊን ድል ሲነሡ፣ ያ ሁሉ ውርስ በአንድ ውጊያ ፈረሰ። ሆኖም ድል አድራጊው ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው ከነገሡ በኋላ የሰሎሞንን ዘር መጥቀሳቸው፣ በግብሩ የከበረ ሰው እንኳ የዘር ምስክር እንደሚሻ ያሳያል።

ስለ ምን? ክብር በተከባሪው እጅ ሳይሆን በአክባሪዎቹ ልቡና ውስጥ ስለሚኖር፣ ባለ መዓርጉም ይህን ስለሚያውቅ፣ ሊጠፋ የሚችለውን ነገር በማይጠፋ ደም ሊያስረው ይመኛል። ነገር ግን የሰው ልቡና በኑዛዜ አይተላለፍም። በዚያው በጋይንት፣ በቤተ ልሔም የድጓ ጉባኤ፣ የመምህሩ ልጅ እንደ ማንኛውም ተማሪ ቀለሙን ቈጥሮ፣ ዜማውን አጽንቶ ካልተመሰከረለት በቀር ማንም መምህር አይለውም፤ አባቱም ቢወድ ሊያወርሰው አይችልም።

የቀድሞው ሥርዓተ መንግሥት መዓርግ በ1967 ዓ.ም. ከዘውዱ ጋር አብሮ ቀርቷል፤ በአያት ስም መመካት ግን አልቀረም። አንባቢ ሆይ፣ አያትህ ደጃዝማች እንደ ነበሩ ለልጅህ ስትነግረው፣ ለማን እንደ ፈረዱ፣ ማንን ከግፍ እንደ ታደጉ፣ ማንንም ቢበድሉ ማንን እንደ በደሉ አብረህ ንገረው፤ ሊወርሰው የሚችለው ይህን ዕውቀት ብቻ ነውና።