ስለሚማር መሣሪያና ስለሚያስተውል ተማሪ

በአባቶቻችን የትምህርት ሥርዓት ሕፃን አስቀድሞ ፊደል ይቈጥራል፤ ቀጥሎም ዳዊት ይደግማል። የግእዙ ምሥጢር ሳይገባው ቃሉን ሳያዛንፍ ማንበብ ይችላል። ይህ መልካም ጅማሬ ነው፤ ነገር ግን ከትርጓሜ ቤት ገብቶ «ማን ተናገረው? ስለ ምን ተናገረው? አንድም ምን ማለት ነው?» ብሎ እስኪመረምር ድረስ ሊቅ አይባልም።

ዛሬ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው መሣሪያ ትምህርቱ ከንባብ ቤት አልፎ አይሄድም። እጅግ ብዙ ጽሑፍና ሥዕል ያቀርቡለታል፤ እርሱም የትኛው ቃል የትኛውን እንደሚከተል፣ የትኛው መልክ ለየትኛው ስም እንደሚስማማ በስሌት ይለምዳል። እውነትንና ሐሰትን በኅሊና የሚለይ አይደለምና፣ ያልተጻፈ መጽሐፍ ጠቅሶ ያልተነገረ ቃል በአባቶች ስም ሲመልስ አያፍርም፤ ንስሓም አይገባም።

ያቀረቡለት ምሳሌ ቢጐድል ፍርዱም ይጐድላል። በ2018 እ.ኤ.አ. ጆይ ቡኦላምዊኒና በአዲስ አበባ የተወለደችው ትምኒት ገብሩ፣ ፊትን አይተው ወንድና ሴትን የሚለዩ የሦስት ኩባንያዎችን መሣሪያዎች መረመሩ። ቆዳቸው ነጣ ባለ ወንዶች ላይ ስሕተቱ ከመቶ አንድ እንኳ አልሞላም፤ ቆዳቸው ጠቈር ባለ ሴቶች ላይ ግን ከመቶ እስከ 34.7 ደረሰ።

ይህን ፈርተው መሣሪያውን ከልጆች ፈጽሞ ማራቅ ይሻላል የሚሉ አሉ። ፍርሃታቸው ከንቱ አይደለም፤ ሆኖም ልጁ ነገ በሥራውም በፍርድ አደባባይም ያገኘዋልና፣ ሳያውቀው ከሚያገኘው መርምሮት ቢያገኘው ይበልጣል።

ስለዚህ መምህሩ በክፍል ውስጥ በምሳሌ ያስተምር። ተማሪዎቹ ለመሣሪያው የነጭ በግና የጥቁር ፍየል ሥዕል ብቻ ያሳዩት፤ በኋላም ጥቁር በግ ያምጡለት። ፍየል ቢላቸው አይደነቁ፤ ቀለሙን እንጂ በግነቱን አልተማረምና። ከዚያም «ምሳሌውን ማን መረጠ? ማን ቀረ? ሲሳሳትስ የሚጐዳው ማን ነው?» ብለው ይጠይቁ። እነዚህን ጥያቄዎች የለመደ ልጅ በሰው ላይ የተሰጠን ፍርድ ሁሉ ሳይመረምር አይቀበልም።

እንግዲህ ካህናትና ወላጆች ይህን እናስተውል፦ መሣሪያው ቢስት በእግዚአብሔር ፊት የሚጠየቀው የሠራው ሰውና ቃሉን ሳይመረምር ለወንድሙ ያቀበለው ሰው ነው። ሐሰተኛውን ምስክርነት በአፋችን ካስተላለፍነው «መሣሪያው ነገረኝ» ማለት አያድነንም።

ማስተዋልን የሚሰጥ አምላክ የልጆቻችንን ልቡና ያብራልን፤ አሜን።