ዳግም የተሠራ ጨዋታ ያው ጨዋታ ነውን?

የአንድ የኮምፒውተር ጨዋታ ማንነት የሚገኘው ከየት ነው የሚለው ጥያቄ፣ ላይ ላዩን ሲያዩት የፈላስፋን ትኩረት የማይሻ ቢመስልም፣ ባለፉት ሠላሳ ዓመታት የተከናወነ አንድ ሥራ ጥያቄውን ከባድና ተጨባጭ አድርጎታል። ከገበያ የወጡ፣ አሳታሚዎቻቸው የዘነጓቸው፣ በአዳዲስ ኮምፒውተሮች ላይ አልከፈት ያሉ የቀድሞ ጨዋታዎችን፣ የሚወዷቸው ሰዎች ያለ ክፍያ በትርፍ ጊዜያቸው እንደገና ይሠሯቸዋል፤ ምንጭ ኮዱንም፣ ማለትም ፕሮግራመሩ የጻፈውንና ወደ ማሽን ቋንቋ ተለውጦ ኮምፒውተሩ የሚፈጽመውን ትእዛዝ፣ ማንም እንዲያነበው፣ እንዲያሻሽለውና እንዲያሰራጨው ፈቅደው ይለቁታል። ይህ አሠራር ክፍት ምንጭ ይባላል። እንዲህ የተሠራው ነገር ያው የቀድሞው ጨዋታ ነውን? ወይስ ስሙን የወረሰ ሌላ ሥራ?

ጉዳዩን ጥርት አድርጎ የሚያሳየው ትራንስፖርት ታይኩን ዴሉክስ ነው። በባቡር፣ በአውቶቡስ፣ በመርከብና በአውሮፕላን ሰውና ዕቃ እያመላለሱ ኩባንያ የሚመሩበትን ይህን ጨዋታ ክሪስ ሶየር በአሰምብሊ፣ ማለትም ለማሽኑ ቋንቋ እጅግ በቀረበ አጻጻፍ፣ ሠርቶት ማይክሮፕሮዝ የተባለው ኩባንያ በ1995 ዓ.ም. ለገበያ አቀረበው (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ስዊድናዊው ሉድቪግ ስትሪጌዩስ የማሽኑን ትእዛዝ መልሶ እየፈታ ሲ ወደተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ካዞረው በኋላ፣ ውጤቱ በ2004 ኦፕን ቲቲዲ በሚል ስም ለሕዝብ ወጣ። መጀመሪያ ላይ ሥዕሉንና ድምፁን ከቀድሞው ዲስክ ይወስድ ስለነበር ዋናው ቅጂ የሌለው ሰው ሊጫወተው አይችልም ነበር፤ ፈቃደኞች ግን ሥዕሉን፣ ድምፁንና ሙዚቃውን በየተራ በራሳቸው ሥራ ተክተው፣ በ2010 የወጣው እትም ከቀድሞው ዲስክ አንድም ፋይል ሳይጠይቅ የሚሠራ ሆነ።

ይህ ክፍል በክፍል መተካት አንድ የጥንት ክርክር ያስታውሳል። የግሪኩ ጸሐፊ ፕሉታርክ እንደጻፈው፣ አቴናውያን የጀግናቸውን የቴሲየስን መርከብ ለመታሰቢያ ሲያቆዩ የበሰበሰውን ሳንቃ እያነሱ በአዲስ ይተኩ ስለነበር፣ ፈላስፎች መርከቡ ያው ነው በሚሉና አይደለም በሚሉ ተከፍለው ይከራከሩበት ነበር። እንግሊዛዊው ቶማስ ሆብስም በ17ኛው መቶ ዘመን ችግሩን አክብዶ፣ አንድ ሰው የተነሡትን አሮጌ ሳንቃዎች ሰብስቦ እንደ ቀድሞው ቢገጥማቸው ከሁለቱ የቴሲየስ መርከብ የትኛው ነው ሲል ጠየቀ። በኦፕን ቲቲዲ ረገድ ሁለቱም መርከቦች በእውን አሉ፤ የ1995ቱ ጨዋታ ዶስቦክስ በተባለና የድሮውን ኮምፒውተር አሠራር በሚያስመስል ፕሮግራም ዛሬም ይከፈታልና። ነገር ግን እዚህ አዲሱ ሳንቃ የገባው አሮጌው ከቦታው ሳይነሣ ነው። ፋይል ሲገለበጥ ከዋናው የሚጎድል ነገር ስለሌለ፣ በመርከቡ ክርክር ትልቅ ሥልጣን የነበረው ቁስ በጨዋታው ክርክር የሚፈርደው ነገር የለውም።

ቁሱ ካልፈረደ ፊደሉ፣ ማለትም የተጻፈው ኮድ፣ ይፍረድ የሚል ሊኖር ይችላል። አሜሪካዊው ፈላስፋ ኔልሰን ጉድማን በ1968 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሥዕል ቢገለበጥ ግልባጩ ዋናው እንደማይሆን፣ በኖታ የተጻፈ ሙዚቃ ግን ኖታው በትክክል በተፈጸመበት ሁሉ ራሱ ሥራው እንደሚሆን አስረድቷል። በዚህ ክፍፍል ጨዋታ ከሙዚቃው ወገን ይመስላል፤ ሆኖም ኖታው የትኛው እንደሆነ መወሰን ይቀራል። በ1996 የወጣውን ሱፐር ማሪዮ 64ን መልሰው የፈቱ አድናቂዎች በ2019 ይፋ የሆነው ምንጭ ኮዳቸው ወደ ማሽን ቋንቋ ሲለወጥ ከዋናው ጋር በእያንዳንዱ ባይት የሚገጥም ውጤት ይሰጣል፤ ዋናዎቹ ፕሮግራመሮች ለትእዛዞቻቸው ያወጧቸው ስሞችና በዳር የጻፏቸው ማስታወሻዎች ግን በማሽኑ ቋንቋ ውስጥ ስላልተረፉ፣ አድናቂዎቹ የራሳቸውን ስያሜ መስጠት ነበረባቸው። ማሽኑ የሚያነበው አንድ ሆኖ ሳለ ሰው የሚያነበው ሌላ ነው፤ ስለዚህ ፊደሉም ብቻውን መልስ አይሰጥም።

ከሁሉ የሚሻለው ፈተና የሚገኘው በዱም ነው። ኢድ ሶፍትዌር ይህን የተኩስ ጨዋታ በ1993 አውጥቶ፣ ምንጭ ኮዱን በ1997 ለሕዝብ ከለቀቀ በኋላ አድናቂዎች ብዙ ዳግም ሥራዎችን አወጡ። ዱም የተጫዋቹን ጉዞ ሲቀዳ ሥዕል አይቀዳም፤ በሰከንድ 35 ጊዜ እንደ መራመድ፣ መዞርና መተኮስ ያሉትን የተጫዋቹን ትእዛዞች ብቻ ይመዘግባል። መዝገቡ መልሶ ሲጫወት ጭራቆቹ የት እንደነበሩና ማን እንደሞተ ፕሮግራሙ ከሕጎቹ እንደገና ያሰላዋል፤ ዕድል የሚመስለው ነገር እንኳ 256 ቁጥሮች ካሉት አንድ ቋሚ ሠንጠረዥ በተራ የሚነበብ ነው። እንግዲህ አንድ ቅን አሻሻይ ከድሮው ስህተት አንዱን ቢያርምና በዚህ ሳቢያ ከሠንጠረዡ አንድ ቁጥር ያለ ተራው ቢነበብ፣ በ1990ዎቹ የተቀዳው ተጫዋች ግድግዳ እየገፋ፣ ማንም በሌለበት እየተኮሰ፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ይሞታል። ሥዕሉና ድምፁ ምንም ሳይለወጥ፣ ዓለሙ ግን ሌላ ሆኗል።

ከዚህ የሚወጣው ድምዳሜ የጨዋታ ማንነት በሕጉ ላይ ያረፈ መሆኑ ነው፤ ሕግ ሲባልም ለተጫዋቹ ድርጊት ዓለሙ የሚሰጠው የማያወላዳ መልስ ማለት ነው። ስህተቱም ከሕጉ ውስጥ ይቆጠራል። በዱም 2 በር የጨፈለቀው ሬሳ ሙታንን በሚያስነሣ አስማተኛ ጭራቅ ሲነሣ ጥይት የማይነካውና ግድግዳ የማያግደው መንፈስ ይሆናል፤ ሠሪዎቹ ይህን አላሰቡትም፣ ግን ዓለሙ የሚመልሰው እንዲህ ነው። የደራሲው ሐሳብ ብቻ ሥራው ነው የሚሉ ይህን እንከን ነው ብለው ሊያስወግዱት ይችላሉ፤ ነገር ግን ሐሳቡ በደራሲው ልብ ሲቀር ለተጫዋቾች የደረሰው ሕጉ ነው። ጨዋታው ያኔ የሰጠው ስሜት ነው ማንነቱ የሚሉም አሉ፤ ያ ስሜት ግን የተጫዋቹ የራሱ ዕድሜና ጊዜ በመሆኑ ዋናው ዲስክ እንኳ አይመልሰውም።

የባለቤትነት ክርክር ከዚህ የተለየ ነው። ቴክ ቱ የተባለው አሳታሚ ግራንድ ቴፍት አውቶ 3ን መልሰው የፈቱትን ሰዎች በ2021 በካሊፎርኒያ ፍርድ ቤት መክሰሱ በሥራው ማን ያዝዛል የሚለውን የሚመለከት እንጂ ሥራው ያው ነው ወይ የሚለውን አይወስንም።

በሕጉ ሚዛን ሲታይ፣ የድሮውን ስህተት ሳይቀር ሆን ብሎ የጠበቀው ቸኮሌት ዱም የተባለው ዳግም ሥራ አፍ ሞልቶ ዱም ነው ሊባል ይችላል። ኦፕን ቲቲዲ ግን፣ በድሮው ጨዋታ የተቀመጠን ጉዞ ከፍቶ ማስቀጠል ቢችልም፣ 256 በ256 የነበረውን ካርታ እስከ 4096 በ4096 አስፍቶ፣ የባቡሩን መንገድ አመራረጥና ሌላም ብዙ ሕግ ስለለወጠ፣ ከትራንስፖርት ታይኩን የተወለደ ሌላ ጨዋታ ነው፤ ይህም ክብሩን አይቀንስበትም። ፕርቡም ፕላስ የተባለው የዱም ዳግም ሥራ ተጫዋቹ የየትኛውን ዘመን ሕግ እንደሚፈልግ የሚመርጥበት ደረጃ አዘጋጅቷል፤ ሌሎች ጨዋታዎችን መልሰው የሚሠሩ ሁሉ ይህን መንገድ ይከተሉ፣ ያረሙትን እያንዳንዱን ስህተት ይመዝግቡ፣ የቀድሞውንም ሕግ ለሚፈልገው ክፍት አድርገው ይተዉ።