«አልጠየቀኝማ!»

 

ወንድሜ፣ እህቴ፣ ዛሬ ስለ መኪና ላወራህ፣ ላወራሽ ነው። አትሳቁብኝ። መቼም ከመስጂድ በር እስከ ሻይ ቤት ወሬያችን ሁሉ እሱ ሆኗል። ቪትስ ስንት ገባ፣ ኤሌክትሪክ ይሻላል ወይስ ቤንዚን፣ እገሌ በስንት ገዝቶ በስንት ሸጠ። እኔም ከዚህ ወሬ ጠፍቼ አላውቅም።

ዋጋው እዚህ እንዴት እንደደረሰ ታውቃላችሁ። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ላይ ከባድ ቀረጥ ጣለ። በ2016 በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ደግሞ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀና ዶላሩ ተሰቀለ። ስለዚህ ያቺው አሮጌ ቪትስ ከእጅ እጅ እየዞረች፣ ተነድታ ተነድታ ከተገዛችበት በላይ ትሸጣለች። የሚገዛት ደግሞ ሁሌ ሀብታም አይደለም። እቁቡን አውጥቶ፣ አረብ አገር ያለች እህቱ የላከችለትን ጨምሮ፣ ራይድ ሠርቼ ቤተሰብ አስተዳድራለሁ ብሎ የሚመጣ ልጅ ነው።

እንዲህ ያለ አንድ ልጅ አውቃለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት የአክስቴ ልጅ ቪትሱን ሲሸጥ አብሬው ነበርኩ። መኪናዋ ከኋላ ክፉኛ ተገጭታ ነበር። ጋራዥ ገብታ ተቃናች፣ ስቱኮ ተሞላች፣ ተቀባች። ስትታይ አዲስ ናት። ልጁ መካኒክ ይዞ አልመጣም። ዞር ዞር ብሎ አያት፣ አስነሳት፣ ከዚያ እኔን ጠየቀኝ። «ወንድሜ፣ አንተስ እንዴት ታያታለህ?» አለ። «ሞተሯን ተወው፣ አንደኛ ናት» አልኩት። አልዋሸሁም። ሞተሯ በእርግጥም አንደኛ ነበረች።

ሄዶ ካበቃ በኋላ የአክስቴን ልጅ ለምን አልነገርከውም አልኩት፤ ራሴ እንዳልነገርኩት ረስቼ። «አልጠየቀኝማ! ተገጭታለች ወይ ቢለኝ እነግረው ነበር» አለኝ።

ይህን ቃል አንተም ብለኸው ይሆናል። እንዲሁ ጥለነው እንዳንሄድ፣ ያለውን ክብደት እንስጠው። ሰውዬው ሐሰት አልተናገረም። ገዢው ዓይን አለው፣ መካኒክ ማምጣት ይችላል። ደግሞስ ገዢው ራሱ ሁሉን ይናገራል? እስከ ስንት መክፈል እንደሚችል ለሻጩ ነግሮት ያውቃል? ሁለቱም እየደበቁ ከሆነ አንዱን ብቻ ምን በደለኛ ያደርገዋል?

እኔ መልሱን ያገኘሁት ሁላችንም ከልጅነታችን በምናውቀው የእህሉ ክምር ሐዲስ ውስጥ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ገበያ ውስጥ በአንድ የእህል ክምር በኩል ሲያልፉ እጃቸውን አስገቡ፤ ውስጡ እርጥብ ሆኖ አገኙት። ባለቤቱን ጠየቁት፤ ዝናብ መታው አለ። እስቲ አስተውል፦ ሰውዬው ደረቅ ነው ብሎ አልማለም። ዝናቡን ያወረደው እሱ አይደለም። እርጥብ ነው ወይ ብሎ የጠየቀውም የለም። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ስለ ዝናቡ አልወቀሱትም። የወቀሱት እርጥቡን ሰው እንዲያየው ከላይ ባለማድረጉ ነው። ያታለለንም ከእኛ አይደለም አሉ። የእኛ ቪትስም መገጨቷ ጥፋት አልነበረም። ጥፋቱ እርጥቡ ከስር መሆኑ ነው።

ገዢው ኪሱን መደበቁስ? እሱ የዕቃው ነውር አይደለም። ገንዘቡ ሐሰተኛ ኖት ቢሆንና ቢደብቅ ያኔ እኩል ይሆኑ ነበር። ሻጩም ቢሆን በስንት እንደገዛት የመናገር ግዴታ የለበትም፤ ዋናውንና ትርፉን ተናግሮ ለመሸጥ ካልተስማማ በቀር።

ደግሞ አፍ ሳይከፈት የሚዋሽበት መንገድም አለ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግመልንና በግን ሳያልቡ አቆይተው፣ ጡቷ ተወጥሮ ወተታም መስላ እንድትሸጥ ማድረግን ከልክለዋል። ለተታለለው ገዢም መያዝ ወይም መመለስ መብቱ ነው፤ በአንዱ ዘገባ የሦስት ቀን ጊዜ ተሰጥቶታል። የዘመናችንን የተወጠረ ጡት አንተ ታውቀዋለህ። ወደ ኋላ የተመለሰ የኪሎ ሜትር ቆጣሪ ነው። አሁን ደግሞ ኤሌክትሪክ መጣ፤ ባትሪው ደክሞ የድሮውን መንገድ የማይሄድ መኪና፣ መቶ በመቶ ተሞልቶ ለዕይታ ይቀርባል። መቶ የሚለው ቁጥር እውነት ነው። የሞላው ግን የደከመ ባትሪ ነው። እንደ እኔዋ ሞተር ማለት ነው።

ውሉ ላይ «ባለበት ሁኔታ ገዝቻለሁ» ተብሎ ተፈርሟል የሚልም አለ። በዚህ ላይ የፊቅህ ዑለሞች ተለያይተዋል፤ ብዙዎቹ ግን ሻጩ እያወቀ ለደበቀው ነውር ወረቀቷ መሸሸጊያ አትሆነውም ይላሉ።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ፤ ሻጩ እኔ አልነበርኩምና። ዋሢላ ኢብኑል አስቀዕ (ረ.ዐ) ከሶሓቦች ናቸው። አንድ ሰው ግመል ገዝቶ ሲሄድ ተከትለው ደረሱበት፤ ለሥጋ ነው ወይስ ለመንገድ ብለው ጠየቁት። ለሐጅ ጉዞ ነው አላቸው። እግሯ ላይ ቀዳዳ እንዳለ ነገሩት። ሻጩ ገበያዬን አበላሹብኝ ብሎ ተቆጣ። እሳቸውም ነውሩን የሚያውቅ ሁሉ ሊናገር ይገባዋል የሚለውን ከረሱል (ሰ.ዐ.ወ) መስማታቸውን ነገሩት። ለሥጋ ወይስ ለመንገድ! ይህን ጥያቄ ሳስብ ያ ልጅ ትዝ ይለኛል። እሱ ለመንገድ ነበር የገዛው፤ ከጠዋት እስከ ማታ ሰው ሊያመላልስባት።

ገዢ ስትሆንም ነገሩ አይለቅህም። ጀሪር ኢብኑ ዐብዲላህ (ረ.ዐ) ለሙስሊም ሁሉ ቅን ሊሆኑ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቃል ገብተው ነበር። ፈረስ በ300 ሲገዛላቸው፣ ፈረስህ ከዚህ ይበልጣል እያሉ ለባለቤቱ እስከ 800 እንዳደረሱለት ተዘግቧል። በእውነት ልንገራችሁ፣ ይህ ለእኔ ይከብደኛል። ግዴታ ነው የሚል ዓሊም አልሰማሁም። ግን ባሏ የሞተባት እናት ዋጋውን ሳታውቅ መኪናውን በግማሽ ስትጠራልህ፣ ደላላው ጎንህን ሲነካህ፣ ምን ትላለህ? «አልጠየቀችኝማ» ትላለህ?

በዚህ ሳምንት የአክስቴን ልጅ የውሉን ቅጂ ፈልግልኝ አልኩት። ያለቀ ነገር ብሎ ሳቀብኝ፤ ግን ፈልጎ ሰጠኝ። የልጁ ስልክ ቁጥር እዚያ ላይ አለ። መኪናዋ ዛሬ ምን ላይ እንዳለች፣ እሱም ለሌላ ሸጧት እንደሆነ አላውቅም። ሻጩ አልመልስም ብሏል። የኔ ድርሻ ስንት ብር እንደሆነ መካኒክም ኡስታዝም ጠየቅኩ፤ መካኒኩ አንድ ቁጥር ነገረኝ፣ ኡስታዙ ግን መጀመሪያ ደውልለት አለኝ። ከሶላት መልስ እደውላለሁ ኢንሻአሏህ።