ከጡት በቀር ሌላ አለመስጠት የማን ግዴታ ነው?

ኢትዮጵያ ውስጥ ልጅ ወልዳ የማታጠባ እናት ማግኘት ይከብዳል። በ2008 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2016) የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያሳየው ከሕፃናቱ 97 በመቶ ያህሉ ጡት ጠብተዋል። ከስድስት ወር በታች ከነበሩት መካከል ግን ያለ ውሃ፣ ያለ ላም ወተትና ያለ ሌላ ምግብ የእናታቸውን ጡት ብቻ ያገኙ የነበሩት 58 በመቶ ናቸው። ቁጥሩ በዕድሜ ሲከፋፈል ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል፤ ሁለት ወር ባልሞላቸው ዘንድ 74 በመቶ የነበረው በአራተኛውና በአምስተኛው ወር ወደ 36 በመቶ ይወርዳል። እናቶች ለምን ያጠባሉ ብሎ መጠየቅ እንግዲህ ብዙም አያስኬድም። የሚጠየቀው ከጡት ሌላ የሆነው ነገር በማን እጅና በምን ምክንያት ወደ ሕፃኑ አፍ እንደሚገባ ነው፤ ይህም ከጤናው ባሻገር የግዴታና የኃላፊነት ጥያቄ ያስነሳል።

የዓለም ጤና ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2001 ሕፃን እስከ ስድስት ወሩ የጡት ወተት ብቻ እንዲያገኝ፣ ከዚያም ተጨማሪ ምግብ እየበላ እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ እንዲጠባ መክሯል። በዚህ ምክር ውስጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች አሉ። ማጥባት እናት የምትሠራው ሥራ ነው። ሌላ አለመስጠት ግን በቤቱ ያለ ሰው ሁሉ ካልተስማማበት የማይጸና መታቀብ ነው። እናት ሌሊቱንም ቀኑንም ስታጠባ ከርማ፣ ገበያ ደርሳ እስክትመለስ አያት አንድ ማንኪያ ውሃ ብታቀምስ መታቀቡ ፈርሷል። ሰው ሊፈጽመው የማይችለውን ነገር ግዴታህ ነው ሊባል አይገባም የሚለው፣ ከካንት ስም ጋር የሚነሣው መርህ፣ እዚህ ላይ ከባድ ፈተና ይገጥመዋል፤ ሌሎች ያልታቀቡትን መታቀብ እናት ብቻዋን ልትፈጽመው አትችልምና።

ከሰውነት አሠራር የሚመጣ ችግርም አለ። የጡት ወተት የሚመረተው በተጠባው ልክ ነው፤ ጡቱ በደንብ ካልተሟጠጠ ሰውነት ምርቱን ይቀንሳል። ሕፃኑ ውሃ ወይም የላም ወተት ሲሰጠው ያን ያህል ይጠግባል፣ ያን ያህልም ሳይጠባ ይቀራል፣ በቀጣዮቹ ቀናት ወተቱ በእርግጥ ያንሳል። «ወተቴ አይበቃውም» የሚለው ሥጋት እንዲህ አድርጎ ራሱን እውነት ያደርጋል። ከጡት ወተት 88 በመቶ የሚሆነው ውሃ በመሆኑ በቆላም ቢሆን ጤነኛ ሕፃን በጥም አይጎዳም፤ ሆኖም ይህ ለዓይን አይታይም። በጡጦ የተቀዳው ወተት ሲጎድል ይታያል፣ ከጡት የተጠባው ግን አይለካም። እናት ባላየችው ነገር መታመን አለባት፤ እምነቷ ደግሞ ልጁ ባለቀሰ ቁጥር ይፈተናል።

ይህ ፈተና የሚጀምረው በአራስ ቤት ነው። አራሷን ገንፎና አጥሚት እያበሉ የሚንከባከቡት እናቷ፣ አማቷና ጎረቤቶቿ ልጅ ስለማሳደግ የሚያውቁትን ይዘው ይመጣሉ። በብዙ አካባቢ አዲስ ለተወለደ ልጅ ለጋ ቅቤ ማስዋጥ፣ ሆዱን ሲቆርጠው አብሽ ወይም ጤና አዳም ያለበት ውሃ መስጠት፣ እንገሩንም ቆሽሿል ብሎ አልቦ መድፋት የኖረ ልማድ ነው። ልማዱን ድንቁርና ብሎ ማለፍ ስህተት ነው። አያት ስድስት ልጅ አሳድጋ ይሆናል፤ ሁሉም ቅቤ ውጠዋል፣ የተረፉትም በፊቷ ቆመዋል። ለመጀመሪያ ጊዜ የወለደች ሴት ከዚህ ምስክርነትና በጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ሥዕል የትኛውን ትመን? የሞቱት ሕፃናት አይመሰክሩም፤ የሞቱበትም ተቅማጥ ከማንኪያው ውሃ ጋር በቤተሰቡ ዘንድ አይያያዝም። ከወለደች ገና ሳምንት ያልሞላት ሴት አማቷን እንቢ ማለቷ ደግሞ ስለ ምግብ ብቻ የሚደረግ ክርክር ሆኖ አያልፍም፤ በቤቱ ውስጥ ያላትን ቦታ ይነካል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ምክር የሚሠምረው ለአያትም ጭምር የተነገረ እንደሆነ ነው፤ ለአራሷ ለብቻዋ ሹክ የተባለ ትምህርት ጠብ ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል።

ሃይማኖት በዚህ ጉዳይ ላይ ያለው ድርሻ ብዙ ጊዜ በችኮላ ይፈረዳል። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ይጠመቃሉ፤ በዚያው ዕለት ቅዱስ ቁርባን ይቀበላሉ። በእስልምናም አዲስ ለተወለደ ልጅ ቴምር አላምጦ ላንቃውን ማሸት፣ ተህኒክ የሚባለው፣ ሱና ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1991 ያወጣው የአመጋገብ ምደባ መድኃኒትንና የቫይታሚን ጠብታን «ጡት ብቻ» ከሚለው ጋር ሲያስማማ፣ ለሥርዓተ አምልኮ የሚሰጥ ፈሳሽን ግን ከውሃ ጋር «በአብዛኛው ጡት» በሚለው ሥር አስቀምጦታል። የሐኪም ጠብታ ምግብ የማይባልበት ምክንያት አልሚ ምግብን ተክቶ ስለማይሰጥ ከሆነ ለቁርባኑም ያው ምክንያት ይሠራል፤ አማኙ ቁርባንን ምግብ ብሎ አይቆጥረውምና። ደግነቱ ጥናቶቹ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁት ባለፉት 24 ሰዓታት ልጁ ምን እንደወሰደ ስለሆነ አንድ ቀን የተፈጸመ ሥርዓት ቁጥሩን ብዙም አያናውጠውም። ዕለት ዕለት የሚሰጥ ጸበል ግን ሌላ ነገር ነው፤ ይህንን ለይተው ለምእመናን ማስረዳት ከማንም በላይ የሚችሉት የንስሐ አባቶች ናቸው። የጾሙም ነገር እንዲሁ ነው። የምታጠባ ሴት ጾም እንዲቀልላት የሚፈቅድ አባት ቢኖርም፣ ከጎረቤት ተለይቶ መብላትን ኅሊናቸው የማይቀበለው ሴቶች ብዙ ናቸው። ሙስሊሟ እናት ለራሷ ወይም ለልጇ ከሰጋች ረመዳንን አፍጥራ በኋላ ቀዳ (የማካካሻ ጾም) ታወጣለች፤ ሊቃውንቱ በዋናነት የሚለያዩት ከቀዳው ጋር ፊድያ (ድኻ ማብላት) ይጨመር አይጨመር በሚለው ላይ ነው።

ስለ ኃላፊነት ክፍፍል ከተጻፉት ጥንታዊ ድንጋጌዎች ጎልቶ የሚታየው በቁርኣን የበቀራ ምዕራፍ 233ኛ አንቀጽ ነው። አንቀጹ ማጥባቱን መሙላት ለሚፈልግ ሁለት ሙሉ ዓመት ይመድባል፣ የእናትየውን ምግብና ልብስ በአባት ላይ ይጥላል፣ እናትም አባትም በልጃቸው ሰበብ እንዳይጎዱ ይከለክላል፣ ከጊዜው በፊት ጡት ማስጣልን በሁለቱ ምክክርና ስምምነት ይፈቅዳል፣ ለሌላ ሴት ማስጠባትንም ከተገቢው ክፍያ ጋር ኃጢአት አያደርገውም። ስድስት ወር ጡት ብቻ የሚል ደንብ በውስጡ የለም፤ ያን ፍለጋ አንቀጹን መጥቀስ ከቦታው ማውጣት ይሆናል። የሚያስተምረው የድንጋጌው አወቃቀር ነው፤ ማጥባቷ በተጠቀሰበት በዚያው አንቀጽ የምታጠባበትን ወጪ የሚሸፍነው ማን እንደሆነ ተወስኗል።

በአውሮፓ የተነሣው ክርክር ይህን ግማሽ ረስቶ ነበር። ዣን ዣክ ሩሶ እ.ኤ.አ. በ1762 ባሳተመው «ኤሚል» እናቶች ራሳቸው ቢያጠቡ የኅብረተሰቡ ምግባር ሁሉ እንደሚታደስ ሰበከ። የራሱን ልጆች ቀደም ሲል ለሕፃናት ማሳደጊያ ሰጥቷል። በዚያ ዘመን የፓሪስ ፖሊስ ኃላፊ የነበረው ሌኗር እ.ኤ.አ. በ1780 እንደጻፈው በዓመት ከሚወለዱት 21,000 ያህል ሕፃናት በእናታቸው ጡት የሚያድጉት አንድ ሺህ አይሞሉም ነበር። ቅንጡ ወይዛዝርት በእርግጥ ነበሩበት፤ ይሁንና ልጃቸውን ወደ ገጠር አጥቢ ከላኩት ብዙዎቹ ከባሎቻቸው ጋር በየሱቁና በየእደ ጥበቡ ካልሠሩ የዕለት ጉርስ የማያገኙ ሴቶች ነበሩ። ስብከቱ ለእነሱ ወቀሳ እንጂ እንጀራ አልጨመረላቸውም። ፈረንሳዊቷ ፈላስፋ ኤሊዛቤት ባዳንተር እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣችው መጽሐፍ ማጥባትን የጥሩ እናትነት መለኪያ ማድረግ ሴትን ወደ ቤት መልሶ መቆለፍ ነው ብላ ተከራከረች። ወቀሳውን በማየቷ ልክ ናት። ነገር ግን መፍትሔውን በጡጦ ነፃነት መፈለጓ ንጹሕ ውሃ ለሌለበት ቤት ብዙ አይጠቅምም፤ የዱቄት ወተት ንግድ ራሱም የእናቶችን ጥርጣሬ ሲያራባ ኖሯል። የጡት ወተት ምትክ ምርቶችን ማስታወቂያ የሚገድበው ዓለም አቀፍ ደንብ እ.ኤ.አ. በ1981 ሲጸድቅ 118 አገሮች ደግፈው አሜሪካ ብቻዋን ተቃውማለች።

ሥራና ጊዜ ከሃይማኖትም ከፍልስፍናም የበለጠ ይወስናሉ። የኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ፈቃድ ይሰጣል። መንግሥት የሚመክረው ስድስት ወር ነው፤ የሚፈቅደው ሦስት። ልዩነቱን እንድትሞላ የተተወችው እናት ናት፤ ወተቷን አልባ በማቀዝቀዣ ታስቀምጥ ማለትም ማቀዝቀዣ ላላት፣ መብራት ለማይጠፋባት፣ በመሥሪያ ቤቷ በር የሚዘጋ ክፍል ላላት ይሠራል። ከሦስተኛው ወር በኋላ የሚታየው ማሽቆልቆል ግን በሕጉ ብቻ አይፈታም፤ አብዛኞቹ እናቶች አርሰው፣ ነግደው ወይም በሰው ቤት ሠርተው የሚያድሩ ናቸውና ፈቃዱ ቀድሞውንም አይደርሳቸውም። ጉልት የምትቸረችር ሴት ልጇን አዝላ እንደልቧ ስታጠባ፣ ደመወዝ የሚከፈላት የባንክ ሠራተኛ በቀን ዘጠኝ ሰዓት ከልጇ ተለይታ ትውላለች። ከደኅንነትና ከገቢ አንጻር የማይወዳደሩ ሁለት ኑሮዎች በዚህች ነጥብ ብቻ ቦታ ይለዋወጣሉ።

ምርጫው በእውነት ከባድ የሚሆነው ኤች አይ ቪ በደሟ ላለ እናት ነው። በደቡብ አፍሪካ ደርባን የተደረገና እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ጥናት ጡት ብቻ ከጠቡት ይልቅ ጡትም ሌላም የተሰጣቸው ሕፃናት በቫይረሱ ይበልጥ መያዛቸውን አሳየ። ፈርታ ጡቱን ለመቀነስ ስትል ሌላ የቀላቀለች እናት ልጇን ለባሰ አደጋ ታጋልጣለች ማለት ነው። ጨርሶ ካላጠባች ደግሞ ጎረቤት ምክንያቱን ይጠይቃል፤ ካጠባችና ሌላ ከከለከለች አያት ትጠይቃለች፤ ሁለቱም ጥያቄ ወደ ምስጢሯ ያመራል። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒቷን ሳታቋርጥ ስድስት ወር ጡት ብቻ እንድታጠባ፣ ከዚያም ቢያንስ እስከ 12 ወር፣ ከተቻለም እስከ 24 ወርና ከዚያ በላይ እንድትቀጥል ይመክራል። ለዚህም መድኃኒቱ ሳይቆራረጥ መቅረቡ፣ ምስጢሯንም ቢያንስ አንድ የቤት ሰው አውቆላት ማንኪያውን መከልከሉ ያስፈልጋል።