ታሪክን በጥቂት ወጪ ስለ መጎብኘት፤ በቨርጂንያ ለሚኖሩ ወጣት ቤተሰቦች

ልጆቼ ሆይ፥ በአሌክሳንድሪያና በአርሊንግተን፥ በፌርፋክስም አካባቢ ትዳር መሥርታችሁ ልጆች የምታሳድጉ ሁሉ፥ ክረምት በቀረበ ቁጥር ያጠራቀማችሁትን ገንዘብ በሩቅ ባሕር ዳርቻ ለማፍሰስ ስትመክሩ እሰማለሁና፥ የምትኖሩበት የቨርጂንያ ግዛት ራሱ በታሪክ የከበረ ምድር መሆኑን፥ ከታሪኩም የበለጠው ክፍል ያለ ክፍያ የሚታይ መሆኑን ላሳስባችሁ እወዳለሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ ብዙ ስፍራ ለማዳረስ አትጓጉ። ሞንቲቼሎንና አፖማቶክስን፥ ሪችመንድንና ማውንት ቨርነንን በአንድ ሳምንት አያለሁ የሚል ሰው ገንዘቡን በቤንዚንና በሆቴል ይጨርሳል፥ ልጆቹም ከመንገዱ ርዝመት በቀር የሚያስታውሱት አይኖራቸውም። ለዘንድሮ በጀምስና በዮርክ ወንዞች መካከል ያለው አገር ይበቃችኋል፤ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1607 እንግሊዞች የሰፈሩበት ጀምስታውን፥ ከ1699 እስከ 1780 መናገሻ የነበረችው ዊልያምስበርግ፥ በ1781 የእንግሊዙ ጄኔራል የኮርንዋሊስ ሠራዊት እጁን የሰጠበት ዮርክታውን፥ ሦስቱም 23 ማይል በሚሆን አንድ መንገድ የተያያዙ ናቸውና። ብቻ ዓርብ ከሰዓት በኋላ በ95 አውራ ጎዳና አትውጡ፤ ሳይነጋ ተነሡ።

ለማደሪያ ከጀምስ ወንዝ ማዶ በሚገኘው በቺፖክስ ፓርክ ድንኳን ትከሉ፥ ቦታውንም ወራት አስቀድማችሁ ያዙ። የመንግሥቱ ጀልባ ቀንና ሌሊት ሰውንም መኪናንም ያለ አንዳች ክፍያ ያሻግራል፤ በተሻገራችሁ ጊዜ ሞተሩን አጥፍታችሁ ውረዱ፥ ልጆቹን ወደ መደገፊያው ብረት አቅርቧቸው፥ እንግሊዞቹ የመጡባቸውን የሦስቱን መርከቦች አምሳያ በጀምስታውን ወደብ አጠገብ ቆመው ያዩአቸዋል። ስንቃችሁም ከቤት ይሁን፤ ጉዞው በጾመ ፍልሰታ ላይ ቢውል እንኳ ሽሮና ድርቆሽ በመንገድ የማይበላሹ ናቸውና አትጨነቁ።

በዊልያምስበርግ ጎዳናዎቹን በነፃ መመላለስ ይቻላል፥ ቲኬት የሚያስፈልገው ወደ ቤቶቹ ለመግባት ነው፤ እኔ ብሆን ያንን ገንዘብ ለጥንታዊው ጀምስታውን አውለዋለሁ፥ በዚያ ወንዝ ወስዶታል ሲባል የኖረውን የመጀመሪያውን ምሽግ በ1994 የተጀመረው ቁፋሮ ከነመሠረቱ አግኝቶታልና። አራተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ያላችሁ ደግሞ፥ ለዚያ ክፍል ተማሪዎች የሚሰጠውን የፌዴራል ፓርኮች ነፃ መግቢያ ሳትይዙ አትነሡ።

ነገር ግን አብዝቼ የምማጸናችሁ በሃምፕተን ስላለው ስለ ፎርት መንሮ ነው። በ1619፥ በነሐሴ መጨረሻ፥ ከአንጎላ ተማርከው በፖርቱጋሎች መርከብ ተጭነው የነበሩ ከሃያ የሚበልጡ አፍሪቃውያን፥ ከዚያ መርከብ በነጠቋቸው እንግሊዞች ተወስደው በስንቅ የተለወጡት በዚሁ የባሕር ጫፍ ላይ ነበር። በዚያው ስፍራ፥ ከ242 ዓመታት በኋላ፥ በግንቦት 1861፥ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ፥ ለደቡቡ ጦር የመድፍ ምሽግ እንዲሠሩ የተገደዱ ፍራንክ ቤከር፥ ጀምስ ታውንሴንድና ሼፐርድ ማሎሪ የተባሉ ሦስት ሰዎች በሌሊት በጀልባ ቀዝፈው ወደ ፌዴራሉ ምሽግ ገቡ። ጌታቸው መልእክተኛ ልኮ ቢያስጠይቃቸው፥ አዛዡ ጄኔራል በትለር ባሪያን ንብረት ካላችሁት ለጦርነት የዋለ ንብረት በጦር ሕግ ይወረሳል በማለት ሳይመልሳቸው ቀረ፤ የባርነቱን ሕግ በራሱ ቃል ረታው ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ከባርነት ያመለጡ ወንዶች፥ ሴቶችና ሕፃናት በሺህ እየሆኑ ወደ ምሽጉ ጎረፉ።

ልጆቻችሁ በዚህ አገር እንደ ጥቁር አሜሪካውያን ተቆጥረው የሚያድጉ ናቸውና፥ ይህን ነገር በትምህርት ቤት በአንድ አንቀጽ ከሚሰሙት ይልቅ በወፍራሙ የድንጋይ ቅጥር ላይ፥ በውሃው ጉድባ ዙሪያ እየተመላለሱ ከእናንተ አፍ ቢሰሙት እመርጣለሁ። መግቢያውም ነፃ ነው። ስለዚህ ለምሽጉ ሙሉ ቀን መድቡለት፤ ጊዜ ቢያጥራችሁ ከዮርክታውን ላይ ቀንሱ።